ከድንበር ማዶ የተሰማ ዘፈን፣ ሂሳቡ ሲታይ

እኔ ብዙውን ጊዜ የምጽፈው ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ኬላና ስለ ጭነት ዋጋ ነው። ዛሬ ስለ ዘፈን ልጽፍ ነው። ቀድማችሁ አትሳቁ፣ መጨረሻው ያው ንግድ ነው።

የወር ሂሳብ የምዘጋው ማታ ነው። ሱቁን እቆልፍና ሻዬን ይዤ ደብተሬን እገልጣለሁ። በአንድ ጆሮዬ ጎረቤቴ የከፈተው የኦሮምኛ ዘፈን ይገባል፣ በሌላው ደግሞ ከኬንያ በኩል ካለው ሆቴል የሚመጣ የስዋሂሊ ሙዚቃ። ሞያሌን የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ። አንድ ማታ ዳላስ የሚኖረው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ አልበም ላከልኝ። ልጁ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ጭነት ይዞ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ይመላለሳል። ከስሩ «አክስቴ፣ ይህ የአንቺ ሙዚቃ ነው» ብሎ ጽፏል። እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የተቀላቀለበት የፈረንጅ ዘፈን እንዴት የእኔ እንደሚሆን አልገባኝም ነበር። ሦስት ማታ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ፣ እነሆ ወራት አለፉ።

አልበሙ «ሄርድ ኢት ኦን ዘ ኤክስ» ይባላል፣ «በኤክስ ሰማሁት» እንደማለት ነው። የወጣው በ2005 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የሠራው ሎስ ሱፐር ሰቨን የሚባል ስብስብ ነው። ስብስብ ያልኩት ቋሚ ባንድ ስላልሆነ ነው። እኛ አንድ መኪና በጋራ ተከራይተን እያንዳንዳችን ጆንያችንን እንደምንጭን፣ እነሱም የየራሳቸው ስምና ገበያ ያላቸው ዘፋኞች ሆነው ለአንድ ጉዞ ይሰባሰቡና ይበተናሉ። የመጀመሪያው አልበማቸው በ1998 ወጥቶ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ይህ ሦስተኛቸው ነው። ጆ ኢሊ፣ ሩበን ራሞስ፣ ሪክ ትሬቪኞ፣ ራውል ማሎ፣ ዴልበርት ማክሊንተን፣ ጆን ሃያት፣ ሮድኒ ክሮዌል፣ ላይል ላቬት፣ አንጋፋው ክላረንስ ጌትማውዝ ብራውን ዘፍነውበታል። ከኋላ ሆኖ የሚያጅባቸው ከአሪዞና የመጣው ካሌክሲኮ የተባለው ባንድ ነው። ስሙን ልብ በሉት፦ ካሌክሲኮ በካሊፎርኒያ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው መንትያዋ ሜክሲካሊ ትባላለች። ሁለቱም የካሊፎርኒያና የሜክሲኮ ስሞች ተቆራርጠው የተሰፉ ናቸው። እኛ ቢያንስ ሞያሌን በአንድ ስም ነው የምንጠራት።

«ኤክስ» ምንድን ነው? የሜክሲኮ ሬዲዮ ጣቢያዎች መጠሪያ የሚጀምረው በዚያ ፊደል ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ማዶ፣ በሜክሲኮ መሬት ላይ፣ እጅግ ትልልቅ የሬዲዮ ጣቢያዎች ተተክለው በእንግሊዝኛ ወደ አሜሪካ ያሰራጩ ነበር። በአሜሪካ ሕግ አንድ ጣቢያ፣ ከአንድ የሙከራ ፈቃድ በስተቀር፣ ከ50,000 ዋት ማለፍ አይችልም። ከማዶ ያለው ኤክስ ኢ አር ኤ ግን በ500,000 ዋት ነበር የሚጮኸው። ማታ ማታ ድምፁ ቴክሳስን አልፎ ሰሜን ድረስ፣ አንዳንዴም ካናዳ ድረስ ይሰማ ነበር። በቴክሳስ ያደገ ልጅ አልጋው ውስጥ ሆኖ የገጠር ዘፈን፣ ብሉዝ፣ የሜክሲኮ ዘፈንና ስብከት በአንድ መርፌ ዙር ያገኝ ነበር። የአልበሙ ስም የተወሰደበት ዘፈን ዚ ዚ ቶፕ የተባሉ የቴክሳስ ልጆች በ1975 ያወጡት ነው፣ ስለነዚህ ጣቢያዎች ነው የሚያወራው። አልበሙም ያንን የሌሊት ሬዲዮ መልሶ ለማሰማት የተሠራ ነው፣ አንዱ ዘፈን ከሌላው ጋር ዘመድ ሳይሆን ጎረቤት ሆኖ ይሰለፋል።

እስከዚህ ድረስ የሙዚቃ ወዳጆች የጻፉት ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ዋት ማን ከፈለ?

የከፈለው ቸርቻሪ ነው። ጣቢያዎቹ የቆሙት በማስታወቂያ ነበር፣ ለዚያውም ብልህ በሆነ አሠራር፦ ዕቃው በፖስታ ይታዘዛል፣ ጣቢያው ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ድርሻውን ይወስዳል። እኛ ኮሚሽን የምንለው ነው። ሳጥን ውስጥ የታሸጉ ሕያው ጫጩቶች በፖስታ ይሸጡ ነበር። የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ዘፋኙ ዘፍኖ ሲጨርስ አስተዋዋቂው ይገባል፣ አድራሻውን ቀስ ብሎ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይናገራል። ድሮ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ እንደሚነገረው ማለት ነው፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። ዘፈኑ ነጋሪቱ ነበር፣ አዋጁ ሽያጩ። ነጋሪቱ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ እንጂ ያን ጊዜ ማንም «ቅርስ እየሠራን ነው» ብሎ አላሰበም።

አሁን ወደ ማይጥመው ወገን ልምጣ። ያንን ትልቅ ጣቢያ የተከለው ጆን ብሪንክሊ የሚባል ሰው ነው። ካንሳስ ውስጥ «ዶክተር» ተብሎ ይሠራ ነበር። ሥራው የፍየል ቆለጥ ቆርጦ በደከመ ወንድ ላይ መትከል ነበር፣ ዋጋው 750 ዶላር። በዚያ ዘመን ገንዘብ! የሚድን አልነበረም፣ የሞተ ግን ነበር። በ1930 የሕክምና ፈቃዱንም የሬዲዮ ፈቃዱንም ነጠቁት። እሱ ምን አደረገ? ዴል ሪዮ ወደምትባል የቴክሳስ ድንበር ከተማ ወረደ፣ ከወንዙ ማዶ ቪላ አኩኛ ላይ በ1931 ጣቢያ ተከለ፣ ከሜክሲኮ ሆኖ ለአሜሪካ ሕመምተኞች መስበኩን ቀጠለ። በደንብ በለጸገ፣ ዴል ሪዮ ላይ የሠራው ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል።

እዚህ ላይ ደብተሬን ዘግቼ ትንሽ ዝም አልኩ። እናቴ ወገቧን ሲያማት ከአንድ በድምፅ ማጉያ ከሚጮህ ሻጭ፣ ከድንበር ማዶ መጣ የተባለ ፈሳሽ ገዝታ ነበር። ከፊት ዘፈን ይከፍታል፣ ሰው ሲሰበሰብ መድኃኒቱን ያወጣል። ሁለት ወር ጠጣችው። ወገቧ እንደነበረ ሆኖ ሆዷ ተጨመረበት። እኔ ያን ጊዜ የኮሜርስ ተማሪ ነበርኩ፣ ስለ ማስታወቂያ አሥር ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ፈተና አልፌያለሁ፣ እናቴን ግን «ተይ» ለማለት አልደረስኩም። ስለዚህ አንዳንድ ጸሐፊዎች ብሪንክሊን እንደ አስቂኝ ገጸ ባሕርይ፣ እንደ ፍየሉ ዶክተር ብቻ ሲያወሩት አልስቅም። አልበሙም ይህን ወገን አይነካውም። ጥፋት ነው አልልም፣ የዘፈን አልበም የፍርድ ቤት መዝገብ አይደለም። ግን ያ ሬዲዮ ሲናፈቅ የተናፈቀው ግማሹ ብቻ እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «የድንበር ነገር ሁሉ ማጭበርበር ነው» ለሚለው መልስ አለኝ። ሜክሲኮ ለእንዲህ ያለ ሰው ፈቃድ ለምን ሰጠች? አሜሪካና ካናዳ የሬዲዮ ሞገዶችን ለሁለት ተካፍለው ለሜክሲኮ አንድም የጠራ ሞገድ ስላልተዉላት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልተጠራ ሰው በጓሮ በር ይገባል። ሜክሲኮ ደርድር ብላ በድንበሯ ላይ ግዙፍ ጣቢያዎችን ፈቀደች፣ የጎረቤቶቿ ጣቢያዎች እየተጨነቁ ዓመታት ካለፉ በኋላ በ1937 ሃቫና ላይ ስምምነት ተደረሰ። ሜክሲኮ የራሷን ሞገዶች አገኘች፣ የብሪንክሊ ጣቢያም በ1941 ተዘጋ። እሱ ራሱ ከስሮ በ1942 ሞተ። እኛ «ሕገ ወጥ» የሚለውን ቃል በየኬላው ስንሰማ ኖረናል። ከቃሉ በፊት ሞገዱን ወይም መንገዱን ማን እንደተካፈለው መጠየቅ እንዳለብን ከዚህ ታሪክ በላይ ያስረዳኝ የለም።

አሜሪካም ዝም አላለችም ነበር። በ1934 በወጣው ሕግ ውስጥ፣ አሜሪካ ውስጥ ካለ ስቱዲዮ በስልክ መስመር ወደ ማዶ ጣቢያ ያለ ፈቃድ ፕሮግራም መላክ ተከለከለ። የብሪንክሊ አንቀጽ ይሉታል። ነጋዴ የሆነ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል፦ ፕሮግራሙ በትልልቅ ሸክላ ይቀዳና ሸክላው ድልድዩን ይሻገራል። የካርተር ቤተሰብን የምታውቁ ካላችሁ፣ የአሜሪካ የገጠር ዘፈን አባትና እናት የሚባሉት፣ የእነሱም ዘፈን ከ1938 ጀምሮ የተሰራጨው ከዚሁ ጣቢያ ነው። ከቨርጂኒያ ተራራ ተነሥተው ዴል ሪዮ ድረስ ወረዱ። ደሞዛቸው ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 75 ዶላር ነበር፣ የሚሠሩት የዓመቱን ግማሽ ብቻ። ከፋዩ የፀጉር ቀለምና ቶኒክ የሚሸጥ የቺካጎ ኩባንያ ነው። ሳራ ካርተር ከባሏ ተለያይታ ነበር። የምትወደው ሰው ሩቅ ካሊፎርኒያ ነበር የሚኖረው፣ ዓመታት ተጠፋፍተዋል። አንድ ማታ በዚያ 500,000 ዋት ፊት ቆማ ዘፈኑ ለእሱ እንዲሆን ስሙን ጠርታ ዘፈነች። ሰማ። መጣ። በ1939 ተጋቡ። እኔ እንግዲህ ለዚህ ጣቢያ የተከፈለውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ለዚች አንዲት ማታ ስል ይቅር እላለሁ፣ የእናቴን ሆድ ግን አልልም።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ። አልበሙን ደግሜ ደጋግሜ ሰምቼ የዘፋኞቹን ስም በደብተሬ ጻፍኩ። በግንባር ቆመው የሚዘፍኑት ሁሉ ወንዶች ናቸው። አንዲት ሴት የለችም። ገበያ ውስጥ የሴት ቁጥር ስንት እንደሆነ የምታውቁ፣ ይህ ሂሳብ እንደማይገጥም ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሊዲያ ሜንዶሳን ልንገራችሁ። በ1916 ሂዩስተን ተወለደች። ቤተሰቧ ሠራተኛና ዘፋኝ ነበር፣ ከድንበር ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ ነው ያደገችው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ፕላሳ ዴል ሳካቴ በሚባለው የገበያ አደባባይ ከቤተሰቧ ጋር ትዘፍን ነበር። ቀን አትክልት የሚራገፍበት፣ ማታ ደግሞ ሴቶች ምግብ አብስለው የሚሸጡበት ቦታ ነው። ገበሬውና ሹፌሩ እራቱን እየበላ ይሰማል፣ ደስ ያለው ሳንቲም ይጥላል። ታዋቂ ያደረጋትን የ1934ቱን «ማል ኦምብሬ» («ክፉ ሰው») ግጥሙን ያገኘችው ከማስቲካ መጠቅለያ ላይ ነው፣ ልጅ ሆና መጠቅለያ ትሰበስብ ነበር። እዩት እንግዲህ፣ ዘፈን በማስቲካ ላይ ታትሞ ይሸጣል፣ አንዲት ሕፃን ታስቀምጠዋለች፣ አድጋ ራሷ በአሥራ ሁለት ክር ጊታር ትጫወተዋለች፣ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። «የድንበሯ ወፍ» እስከ መባል ደረሰች። በአሜሪካ መንግሥት በ1999 ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳልያ ተሸልማለች።

ሬዲዮ ላይ ስትጀምር የተከፈላት ስንት ነበር? በሳምንት 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ያውም ለቶኒክ ማስታወቂያ። ያን ጊዜ ለቤተሰቡ ትልቅ ገንዘብ ሆኖ ታይቷቸዋል። ከካርተሮች 75 ዶላር ጎን አስቀምጡት። ዓመቱም ጣቢያውም የተለያየ መሆኑን አውቃለሁ፣ ኮሜርስ የተማርኩት የማይነጻጸረውን እንዳላነጻጽር ነው። ቢሆንም ልዩነቱ በዓመትና በጣቢያ ብቻ የሚሸፈን አይመስለኝም። አንደኛዋ በእንግሊዝኛ ትዘፍናለች፣ ሌላዋ በስፓኒሽ። ሁለቱም ቶኒክ ነው ያሻሻጡት።

እንዲህ ያለውን የዋጋ ልዩነት ወንዶቹም ያውቁታል። በመጀመሪያው አልበም ላይ ከሎስ ሱፐር ሰቨን ጋር የነበረው ፍሬዲ ፌንደር ትክክለኛ ስሙ ባልደማር ዌርታ ነው፣ የሳን ቤኒቶ ልጅ፣ እየዞረ እርሻ የሚለቅም ቤተሰብ ልጅ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው እንዲገዛው ብሎ ስሙን ለወጠ፣ «ፌንደር»ን የወሰደው ከጊታርና ማጉያ ምልክት ላይ ነው። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፣ ጆንያው ላይ ያለው ጽሑፍ ተቀየረ። በ1975 ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በስፓኒሽ የዘፈነው ዘፈን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የራሱን ቋንቋ ይዞ ለመግባት የሰው ስም መዋስ አስፈለገው ማለት ነው። ከእኛስ ውስጥ ማዶ ስትሻገሩ በሌላ ስም የምትጠሩ የላችሁም? እኔ አለሁ። ናይሮቢ ያሉት ደንበኞቼ የሚጠሩኝ ስም እናቴ ያወጣችልኝ አይደለም፣ ለአፋቸው እንዲቀል ራሴ ያሳጠርኩት ነው።

ስለ አኮርዲዮኑ ሳልናገር ብዘጋው ይከፋኛል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የያዘኝ እሱ ነው። የድንበሩ ሙዚቃ፣ ኮንሁንቶ የሚሉት፣ ያለ አኮርዲዮን የለም። ግን ሜክሲኮ የሠራችው መሣሪያ አይደለም። ጀርመኖችና ቼኮች ወደ ቴክሳስ ሲሰደዱ ይዘውት የመጡት ነው፣ ፖልካና ቫልሳቸውንም እንዲሁ። ሜክሲኮዎቹ ሰሙት፣ ገዙት፣ ባሆ ሴክስቶ ከሚባለው አሥራ ሁለት ክር ጊታር ጋር አጣመሩት። ናርሲሶ ማርቲኔስ የተባለው በ1930ዎቹ አጋማሽ በሸክላ ሲቀዳ የአኮርዲዮኑን የወፍራም ድምፅ ወገን ለጊታሩ ተወለትና በቀኝ እጁ ብቻ ይሮጥ ጀመር። ሁለት ሰው ሥራ ሲከፋፈል ማለት ነው። ዛሬ «የሜክሲኮ ድምፅ» የምትሉት ያ ነው። ፍላኮ ሂሜኔስ፣ በመጀመሪያው የሎስ ሱፐር ሰቨን አልበም ላይ የተጫወተው፣ ይህንኑ ከአባቱ ወርሶ እስከ ሮሊንግ ስቶንስ ድረስ አደረሰው። በ2025 ሐምሌ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ ላይ አረፈ።

አኮርዲዮን ለእኛም ባዕድ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ባወጣው ካሴት የጥንት ዜማዎቻችንን በአኮርዲዮን የተጫወተው አሜሪካ ተሰድዶ ሳለ ነው፣ በኋላም ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። የእህቴን ልጅ «ሥራህ ላይ ሆነህ ምን ትሰማለህ?» ብዬ ስጠይቀው የሚመልስልኝ ኃይሉንና ፍላኮን አከታትሎ ነው። አንዱን ስሰማ ሌላውን ያስታውሰኛል ይላል። እኔም ሞከርኩት፣ ልክ ነው።

ታዲያ አልበሙን ግዙ ነው የምለው? አዎ፣ ስሙት። ላይል ላቬት የዘፈነበትንና ጌትማውዝ ብራውን ስለ መቃብሩ የሚለምንበትን በተለይ ስሙ። ሽማግሌው በዚያው በ2005፣ ካትሪና የተባለው ማዕበል ቤቱን ካወደመበት በኋላ፣ ሳምንታት ሳይቆይ ሞቷል። ይህን አውቃችሁ ስትሰሙት ሌላ ዘፈን ይሆንባችኋል። ግን አልበሙን «የድንበሩ ሙዚቃ ይህ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ማማው በ1941 ከተዘጋ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ጣቢያው ማንንም በማያስፈራበት ጊዜ፣ በጥሩ ስቱዲዮ የተሠራ ምስጋና ነው። ምስጋና ዘግይቶ ሲመጣ ማንን እንደረሳ ማየት የእኛ የነጋዴዎቹ ሥራ ነው፣ ቆጠራ የምናውቅ እኛ ነን።

እንደው ለራሴ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ገበያችን ላይ ቡና እያፈላች የቦረናን ዘፈን የምታንጎራጉር አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፣ አልፈቀደችልኝም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ልቅዳሽ ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ትከፍዪኛለሽ?» ብላ ነው። ሳቅሁ፣ ከዚያ አፈርኩ። የሁለት ቀን የቡና ሽያጯን ከፈልኳት፣ ደረሰኝም ጻፍኩላት፣ ቅጂው የእሷ እንደሆነ ከታች አሰፈርኩ። ለእህቴ ልጅ ደግሞ የሊዲያ ሜንዶሳን ሸክላ ሳን አንቶኒዮ ሲያልፍ እንዲፈልግልኝ አዝዤዋለሁ። ዋጋውን ሲነግረኝ ጮኽኩበት። ግዛው ግን አልኩት።